ከሌሊት ተራ ያስቀረናቸውን ሴት መሐንዲሶች ለቡድን መሪነት በምን መስፈርት እናወዳድር?

ገመድና ማማ (ጠያቂ)

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቴክኖሎጂ ድርጅት የኔትወርክ ሥራ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በሥሬ 23 መሐንዲሶች ሲኖሩ 7ቱ ሴቶች ናቸው። ክፍሉ በ4 ቡድኖች የተዋቀረ ሲሆን የአራቱም ቡድኖች መሪዎች ወንዶች ነበሩ። ባለፈው ወር አንደኛው በመልቀቁ ቦታው ክፍት ሆኗል፤ ምክራችሁን የምጠይቀውም ስለዚህ ቦታ ነው።

የቦታው መስፈርት ከእኔ በፊት በነበሩት ኃላፊ የተጻፈ፣ እኔም ሳልነካው ያቆየሁት ነው። በትምህርት ደረጃውና በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ጥያቄ የለኝም። የከበደኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው፤ ተወዳዳሪው ቢያንስ ሦስት ዋና ዋና የማይግሬሽን ሥራዎችን በኃላፊነት የመራ መሆን አለበት ይላል። ከሙያው ውጭ ላላችሁ ላስረዳ፦ ማይግሬሽን የምንለው የደንበኛን አገልግሎት ከአሮጌው መሣሪያ ወደ አዲሱ የማዛወር ሥራ ነው። መስመር የሚያቋርጥ በመሆኑ ቀን አይሠራም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ነገሩ ካልተቃና ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል በፊት ሁሉም ወደ ነበረበት መመለስ አለበት፣ ምክንያቱም ባንኩም ሆስፒታሉም ጠዋት ሥራ ሲጀምር መስመሩን ማግኘት አለበት። በዚያች አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ «እንቀጥል» ወይም «እንመለስ» ብሎ የሚወስነው አንድ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ሙያ ሰው ኃላፊነትን የሚማረው፣ አለቆችም ማን መምራት እንደሚችል የሚያዩት በእነዚያ ሌሊቶች ነው። ስለዚህ መስፈርቱ በራሱ ስህተት ነው ብዬ አላምንም።

ይሁን እንጂ የስድስት ዓመቱን መዝገብ ሳገላብጥ ሴት የመራችው ማይግሬሽን አንድም አላገኘሁም። መምራቱ ይቅርና በሌሊት ተራ ሰሌዳ ላይ ስሟ የሰፈረ ሴት የለችም። ሰሌዳውን የማወጣው እኔ ነኝ። «ሌሊት ነው፣ ትራንስፖርት የለም፣ ቤት የሚጠብቃቸው አለ» እያልኩ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ፤ ከሰባቱ አንዷንም ጠይቄ አላውቅም። ለእነርሱ ማሰብ ይመስለኝ ነበር።

ከሰባቱ አንደኛዋ በቀን ሥራ የሁላችንም መምህር ናት። የማይግሬሽኑን ዕቅድ ደረጃ በደረጃ የምትጽፈው፣ ነገሩ ቢበላሽ በምን ቅደም ተከተል እንደምንመለስ የምታዘጋጀው እርሷ ናት። ሌሊት ወንዶቹ ግራ ሲጋባቸው ቤቷ ድረስ ይደውሉላታል፤ ከእንቅልፏ ተነሥታ በስልክ ትመራቸዋለች። በማግስቱ በሚጻፈው ሪፖርት ላይ ግን የሚሰፍረው በቦታው የነበሩት ሰዎች ስም ብቻ ነው።

አሁን መስፈርቱን የሚያሟሉት ሦስት ወንዶች ናቸው። ነጥቡን ብሰርዘው «ለእርሷ ሲባል ዝቅ ተደረገ» ይባላል፤ ያ ስም ደግሞ ሥራ ላይ እስካለች ድረስ ይከተላታል። እንዳለ ብተወው በሩን ቆልፌባት ሳበቃ «ለምን አልገባሽም?» ብሎ መጠየቅ ይሆንብኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ተረኛዋ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ምክንያቱም ከሰባቱ አንዷ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ በነበረው የመጀመሪያ መሥሪያ ቤቴ ለአራት ዓመታት ሌሊት አልተመደብኩም። አለቃዬ መልካም ሰው ነበሩ፤ «አንቺ ልጄ፣ በጊዜ ቤትሽ ግቢ» ይሉኝ ነበር፣ እኔም አመሰግናቸው ነበር። ከዚያ ለዕድገት ስወዳደር ቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ «ከባድ ብልሽት ገጥሞሽ ብቻሽን የወሰንሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሉኝ። የነገርኳቸው ምሳሌ ሁሉ በሌላ ሰው ሌሊት የሆነ ነበር። ዕድገቱን አላገኘሁም፤ በዚያ መልስ ማግኘትም አልነበረብኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሌሊት የመራሁት በሌላ ድርጅት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አዲሱ ራውተር ከግማሽ በላይ የሆኑትን መስመሮች አልቀበልም አለ። አብረውኝ የነበሩት «ትንሽ እንሞክር» ሲሉ እኔ «እንመለስ» አልኩ፤ ተመለስን። ጠዋት ወደ ቢሮ ስገባ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልተሳካላትም የሚባል መስሎኝ። አዲሱ አለቃዬ ግን ሪፖርቱን በስብሰባ ላይ ካነበቡ በኋላ «ውሳኔው በሰዓቱ ነው የተወሰነው» ብለው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፉ። ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ሥልጠና በላይ መሪ አድርጋኛለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራውን እኔው ራሴ ደግሜ መራሁት፤ ተሳካ። ስለዚህ ሴት መሐንዲስ ስትመድቡ፣ ስትመለስም ከኋላዋ የምትቆሙ መሆናችሁን አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ወስኑ።

ትራንስፖርቱን በተመለከተ፣ ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን በገንዘብ የሚፈታ ነው። የሚያስፈራኝ ሥራው አልነበረም፤ ከለሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤቱ በር እስከ ቤቴ በር ያለው መንገድ ነበር። በዚያ ሰዓት ባቡሩም አልጀመረም፣ ሚኒባሱም አንድ ሁለት ነው። «ራይድ ጥሪና ደረሰኝ አምጪ» ማለት ለእኔ መፍትሔ አልሆነኝም። መፍትሔ የሆነኝ ድርጅቱ በኮንትራት የያዘው፣ ስሙንና ስልኩን ዘበኛው የሚያውቀው፣ ቤት መድረሴን ሳያረጋግጥ የማይመለስ አንድ ሾፌር ነው። ሌላው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መጸዳጃ ቤት ነው። ሰርቨር ክፍል ባለበት ፎቅ ያለው መጸዳጃ ሌሊት የሚቆለፍ፣ ቁልፉም ምድር ቤት ዘበኛ ዘንድ የሚቀመጥ ከሆነ ይህን ለእርስዎ የሚነግርዎት ወንድ መሐንዲስ አይኖርም። ሄደው ይዩት።

መስፈርቱን ግን አይሰርዙት። ቦታውን ለስድስት ወር በተጠባባቂ ያስይዙትና በእነዚህ ወራት ውስጥ ተራውን ለሁሉም ይክፈቱ። የባልደረባችንን ጉዳይ ደግሞ ከዛሬ ይጀምሩ፤ ዕቅዱን የጻፈው ሰው ስም በሪፖርቱ ላይ ይስፈር፣ ሌሊት ተደውሎ እርዳታ የተጠየቀውም ሰው ስም ከነሰዓቱ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

ሌሊቱን ያደርን

በቅንነት የምቃወመው ነጥብ ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ለስድስት ዓመታት ሌሊት ከሠሩት አንዱ ነኝ፤ በእርስዎ ድርጅት ሳይሆን ለገሃር አካባቢ ባለ በሌላ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደች ሌሊት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ክረምት ከንጋት በፊት ጃኬት ደርቤ መጀመሪያውን ታክሲ ስጠብቅ የኖርኩት አንድ ቀን ይቆጠርልኛል ብዬ ነው። አሁን የሚያሟሉትን ሦስት ሰዎች «ስድስት ወር ጠብቁ» ሲሏቸው ያጠፉት ምንድን ነው? ሰሌዳውን ያወጡት እነርሱ አይደሉም።

በተጨማሪም በሩ የተዘጋ ነው የሚለው አነጋገር የተጋነነ ይመስለኛል። ኢትዮ ቴሌኮምን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመሩት ፍሬሕይወት ታምሩ ናቸው፤ ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚህች አገር ትልቁን የቴክኖሎጂ ተቋም ሴት እየመራች ስለ አንድ ቡድን መሪነት ቦታ መስፈርት እንጠመዝዝ ማለት አይታየኝም። በችሎታ ይወዳደሩ።

የሠራተኛ ጉዳይ

በሰው ኃይል አስተዳደር ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ሕጉ ምን እንደሚል ላስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶችን የሚመለከተው አንቀጽ 87 ነው። በቅጥርና በክፍያ በፆታ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክላል፤ ለሥራ፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ሲወዳደሩ ሴቷ ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካገኘች ለእርሷ ቅድሚያ ይሰጣል። በእርስዎ ክፍል ግን ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ ሊውል የሚችልበት አጋጣሚ ራሱ አልተፈጠረም፤ ነጥቡ የሚገኘው ሌሊት ከሆነና ሌሊቱ የተከለከለ ከሆነ እኩል ውጤት ከየት ይመጣል?

ብዙ ኃላፊዎች «ሕጉ ሴት ሌሊት እንድትሠራ አይፈቅድም» ብለው ሲናገሩ እሰማለሁ። ሕጉ እንዲህ አይልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜና በትርፍ ሰዓት ሥራ መመደብ የተከለከለው ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ነው። ለሴቶች ጤና አደገኛ ናቸው ተብለው በሚኒስቴሩ የሚለዩ ሥራዎችም አሉ፤ ራውተር መቀየር ከእነርሱ ውስጥ ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ሰባቱን ሴቶች ከሰሌዳ ያስወጣቸው ልማድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ «ነፍሰ ጡር የሆነች እጇን ታውጣ» ዓይነት ጥያቄ በቡድን ፊት እንዳይጠየቅ። እንዲህ ያለው መረጃ በሰው ኃይል ክፍል በኩል በምስጢር ይያዝ።

ይኸው አዋጅ ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ይሰጣል፤ ለአባት 3 ተከታታይ ቀናት ብቻ። የልጅ ነገር የእናት ብቻ ነው የሚለው ግምት ከሕጉም ውስጥ አለ ማለት ነው። ልጃቸው ስትወለድ ሰርቨር ክፍል የነበሩት ወንድማችን የተጎዱት በዚሁ ግምት ይመስለኛል፤ ወንድ ስለሆኑ «ዛሬ ሌላ ሰው ይመደብ» ለማለት የሚያስችል አፍ አልተሰጣቸውም።

ጡረተኛዋ መምህርት

ልጄ፣ ጥያቄህን በዚህ ግልጽነት ማቅረብህን አከብራለሁ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኤሌክትሪካል ምህንድስና በማስተማር ነው። አንተ ሰሌዳ ላይ ያየኸውን እኔ ያየሁት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር።

ተማሪዎችን በአራት በአራት ስከፍላቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቡድን አንዲት ሴት ትገባለች። ወንዶቹ ኦሲሎስኮፑንና መበየጃውን ይይዛሉ፤ እርሷ ደብተሩን ትይዛለች። ማንም ያዘዛት የለም፤ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ይሏታል፣ እርሷም ትቀበላለች። ሪፖርቷ ንጹሕ ስለሆነ ጥሩ ነጥብ እሰጣታለሁ። አራት ዓመት ተምራ ስትመረቅ መሣሪያ በእጇ ይዛ ስህተት የሠራችበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስህተት ያልሠራ እጅ ደግሞ ሙያውን አያውቅም። ይህን ሳስተውል ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፣ ይህም ያሳዝነኛል። በመጨረሻ በየሳምንቱ ኃላፊነቱ እንዲዞር አዘዝኩ፤ ያዥው፣ ጸሐፊው፣ ለኪው፣ የቡድኑ መሪ በተራ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተቃጠለው ዕቃ በዛ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ አቤት አሉ። ወሩ ሲያልቅ ግን የወንዶቹንና የሴቶቹን ሥራ መለየት አቃተኝ። ያላሰብኩት ነገር ደግሞ ወንዶቹ መጻፍ መልመዳቸው ነበር።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ማንም ሊሠራው የማይወደውን፣ ለቡድኑ ግን የሚጠቅመውን ሥራ ማን ፈቅዶ እንደሚወስድ በሙከራ ፈትሾ ነበር። ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶች ከወንዶች በ48 በመቶ በበለጠ ራሳቸውን አቀረቡ። ወንዶች ብቻ ወይም ሴቶች ብቻ በሆኑበት ቡድን ግን ልዩነቱ ጠፋ። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ አዲስ ገቢ ማለማመድ፣ የመመለሻ ዕቅድ መጻፍ፣ ሁሉም ይኸው ነው፤ ተፈጥሮ ለእነርሱ የሰጠችው ሥራ ሳይሆን ሁሉም «እርሷ ትወስደዋለች» ብሎ የሚጠብቀው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ127 የሳይንስ መምህራን አንድ ዓይነት ማመልከቻ በወንድና በሴት ስም ልኮላቸው ነበር። ለወንዱ በአማካይ 30,238 ዶላር፣ ለሴቷ 26,508 ዶላር የዓመት ደመወዝ ሐሳብ አቀረቡ። ዳኞቹ ውስጥ የነበሩት ሴት መምህራንም እንደ ወንዶቹ ነው የፈረዱት። ስለዚህ «በችሎታ ይወዳደሩ» ለሚለው ወንድማችን የምለው፣ እኔም የምፈልገው በችሎታ እንዲወዳደሩ ነው፤ ችሎታን የሚመዝነው ዓይን ግን የእርስዎም የእኔም ያልተስተካከለ ሆኖ ተገኝቷል።

ስለ ላይኛው ወንበር የተባለውም እውነት ነው፣ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ እኔም ደስ ብሎኛል። ያ በአንድ ቀን ሹመት የሚሆን ነው። ቡድን መሪ ግን አይሾምም፣ ይበቅላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ማስተማር ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዋን ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር፣ የባዮሎጂ ተመራማሪዋን የዓለምፀሐይ መኮንንን፣ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ስድሳ ዓመት ፈጅቶበታል። የፍኖተ ሰላሟ ሰገነት ቀለሙ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከመምራቷ በፊት በኮሎምቢያ ለዓመታት የሰብል በሽታ ተመራማሪዎችን መርታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሪያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ሲሰጣት ከኋላዋ ያ ሁሉ የመስክ ዓመት ነበር። የአንተ ባልደረባ የጎደላት ይኸው መስክ ነው።

ሌሊቱን ያደርን

መምህርት፣ እርስዎን አክብሬ አንድ ነገር አምናለሁ፤ እኔም ሌሊት ሲጨንቀኝ የምደውልላት ሴት ነበረች፣ በሪፖርቴ ላይ ስሟን ጽፌ አላውቅም። ይህን እስከ ዛሬ እንደ በደል አስቤው አላውቅም ነበር። ነገር ግን የሦስቱ ሰዎች ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል፤ ስድስት ወር በነጻ የሚያስጠብቅ ውሳኔ በቡድኑ ውስጥ ቂም ይተክላል፣ ቂሙም የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው።

ገመድና ማማ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሴ የዘገየው በእነዚህ ሁለት ሳምንታት 23ቱንም መሐንዲሶች አንድ በአንድ ስለ ሌሊት ተራ ስጠይቅ በመቆየቴ ነው።

ከሰባቱ ሴቶች አምስቱ «ይመዝግቡን» አሉኝ። አንዷ አምስት ወር የሆነው ልጅ እያጠባች ስለሆነ ለጊዜው ይለፈኝ ብላለች፤ አንዷ አልፈልግም አለች፣ መብቷ ነው። ያልጠበቅሁት ከወንዶቹ በኩል የመጣው ነው። ሦስቱ ተራው እንዲቀነስላቸው ጠየቁ። አንደኛው የታመሙ እናቱን ብቻውን የሚያስታምም ሲሆን ለሁለት ዓመት ያህል ሌሊት ሌሊት ለጎረቤት አደራ እየሰጣቸው ይመጣ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «አልጠየቁኝም» አለኝ። ሰባቱን ሴቶች ሳልጠይቅ እንዳስቀረሁ፣ እርሱንም ሳልጠይቅ ጭኜበታለሁ።

መጸዳጃ ቤቱን ሄጄ አየሁት፤ ቁልፉ እንደተባለው ዘበኛው ዘንድ ነበር። አሁን ሰርቨር ክፍሉ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ሾፌሩን በተመለከተ አስተዳደሩ የፈቀደው ለሦስት ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ላለው እየተከራከርኩ ነው።

መስፈርቱ ባለበት ይቆያል፤ ዕቅድ መጻፍና የሌሊት የስልክ እርዳታም ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ ታክሏል። ቦታውን ከሦስቱ አንጋፋው በተጠባባቂነት ይዞታል፤ የኃላፊነት አበሉ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል፣ በውድድሩም ይህ ጊዜ ይያዝለታል። የቀሩት ሁለቱ ደስተኞች አይደሉም። ይህን ለማስተካከል በቂ መልስ አላገኘሁም፤ ሌሊቱን ያደሩት ወንድማችን የተናገሩት እውነት እንደሆነ ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ።

ዕቅድ የምትጽፈው ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ተራ እንድትመራ ስነግራት ወዲያው አልተቀበለችም። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንመለስ ብዬ ብወስን ቤትዎ ሆነው ውሳኔዬን ይሽሩታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደማልሽረው በጽሑፍ ሰጥቻታለሁ። ሥራው የፊታችን ሐሙስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይጀመራል።